አራተኛ ክፍል

አልባኒን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ከበርክሊ ቀጥላ፣ የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ፊት ለፊት እያየች፣ በሁለት ጅረቶች መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ በደቡብ ኮዶርኒሰስ፣ በሰሜን ሴሪቶ ያዋስኗታል። ወደ ባሕሩ በኩል ብቻውን የቆመ ኮረብታ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም እዚያ አጠገብ የድማሚት ፋብሪካ ነበርና ፍንዳታውን እንዲከልል ብለው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ በመጣ በማግስቱ ወደዚያ ኮረብታ ይዤው ስወጣ ከመሬት አንድ ቅጠል አነሣ፤ በመዳፉ አሽቶ አሸተተውና ኮቱ ኪስ ከተተው። ምንም አልተናገረም። ከስድስት ወር በኋላ ሻንጣውን ሳዘጋጅለት ቅጠሉን እዚያው ኪስ ውስጥ ደርቆ አገኘሁት።

የምንኖረው ዩኒቨርሲቲ ቪሌጅ ከሚባለው ሰፈር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ ሥራ ለተሰበሰቡ ሠራተኞች የተሠራ መንደር ነው፤ በኋላ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ባለትዳር ተማሪዎቹን አሰፈረበት። ባለቤቴ ያን ጊዜ የዶክትሬት ትምህርቱን እያገባደደ ነበር። የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ፣ ሣሩ የጋራ፣ ልጆቹም የጋራ ነበሩ ማለት ይቻላል። በግራ በኩል ኮሪያውያን፣ በቀኝ በኩል ብራዚላውያን፣ ከማዶ ናይጄሪያውያን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ሄደን እንጀራ እንገዛለን። ያ ጸደይ ለእኛ ቤት ቀላል አልነበረም። በሚያዝያ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ነውና በየቡና ቤቱ ሌላ ወሬ የለም። አባቴ የአሥመራ ልጅ ነው፤ እናቴ የአዲስ አበባ። ሰው ሁሉ «እርስዎ ምን ያስባሉ?» ይለዋል፤ እሱ «ሻይ አምጡልኝ» ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልጠየቅሁትም። የጠየቀው የ9 ዓመቱ ልጄ ነው፤ እሱም የጠየቀው ስለ ሕዝበ ውሳኔው አልነበረም።

ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር። በካሊፎርኒያ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የግዛቲቱን ታሪክ ይማራል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሁሉም ልጅ ከ21ዱ ሚሲዮኖች አንዱን መርጦ በትንሹ ሠርቶ ማቅረብ ነበረበት። ከ1769 እስከ 1823 ድረስ ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ከሳን ዲዬጎ እስከ ሶኖማ፣ በባሕሩ ዳርቻ ተከታትለው ያቋቋሟቸው ገዳማት ናቸው። አንዳንዱ ወላጅ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ካርቶን ገዝቶ ይገጣጥማል፤ ብዙው ግን ግድግዳውን በካሬ በካሬ ከተቆረጠ የሻይ ስኳር፣ ጣራውን ቀይ ቀለም ከተቀባ ላዛኛ ይሠራል። ልጄ ከባሕሩ ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያለውን ሚሲዮን ዶሎሬስን መረጠ። ስኳሩን ገዛሁ፤ ሙጫውንም ገዛሁ።

አንድ ማታ አባቴ መነጽሩን አድርጎ የልጁን መማሪያ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ሥዕል ነው። ቡናማ ቀሚስ የለበሰ፣ ወገቡን በነጭ ገመድ የታጠቀ መነኩሴ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ከፊቱ የአገሬው ልጆች ተንበርክከው ቀና ብለው ያዩታል፤ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ መነኮሳቱ ልጆቹን እርሻ፣ አናጢነትና ጸሎት እንዳስተማሯቸው ይናገራል።

«ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ አባቴ።

«አባባ፣ እሱኮ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል» አለው ልጄ።

«ልብሱን ነው የማውቀው፤ ገመዱንም።»

የማውቀው መስሎኝ የኖርሁትን የአባቴን ልጅነት የሰማሁት በዚያ ማታ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ሲያወራ፣ ሳህን እያጠብሁ። በእኛ ቤት አባቴ መምህር ነበር፤ መምህር ደግሞ ልጅ ሆኖ የሚያውቅ አይመስልም። አሥመራ የሚባለው ነገር ለእኛ በጠዋት የሚጠጣው ማኪያቶና ሲናደድ የሚያመልጠው ትግርኛ ነበር።

ጣሊያን በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ ካወጀ በኋላ ለአገሬው ልጆች የፈቀደው ትምህርት አራት ዓመት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ለብቻቸው ናቸው፤ «ለኢንዲጀኒ» ይባላሉ፣ ለአገሬው ሰው ማለት ነው። አባቴ ወደ ትምህርት ቤት የሄደው በባዶ እግሩ ነው። መዝገብ ላይ ሲጽፉት እናቱ ያወጣችለትን ስም መምህርቲቱ መጥራት ስላልቻለች ጆቫኒ ተባለ። አራት ዓመት ሙሉ ጆቫኒ ሆኖ ተማረ። ጠዋት ባንዲራው ሲወጣ ቀኝ እጅን ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት አለ፤ ከዚያ የእጅ ጥፍር ይታያል፤ ከዚያ ንባብ። ቡናማ ቀሚስ የለበሰው አባ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። መልካም ሰው ነበር፣ ካራሜላ ይሰጠናል አለ አባቴ፤ ይህን ሁለቴ ተናገረ። ልጄ በሥዕሉ ላይ ያለው መነኩሴም ካራሜላ ይሰጥ እንደነበር ጠየቀው። አባቴ ሥዕሉን መልሶ አየው። «ልጆቹ ፈገግ ብለዋልኮ፤ ሳይሰጥ አልቀረም» አለ።

ከሁሉ በላይ ያስታወሰው መጽሐፉን ነው። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ በግራ ጣሊያንኛ፣ በቀኝ ትግርኛ። በትግርኛ የታተመ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ሽታው ሳይቀር ትዝ ይለዋል። የግዕዝ ፊደል ከቤተ ክርስቲያን ውጭም እንደሚኖር ያወቀው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ወደደው። «እናቴ የምትናገረው ቋንቋ መጽሐፍ ላይ አለ» እያለ በየሰፈሩ ያወራ ነበር።

የምግባር ትምህርቱ በየገጹ ነበር። ፊትህን ታጠብ። አትዋሽ። ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሣ። ቀጥሎ ደግሞ፣ መንግሥት ጉድጓድ ቆፍሮልሃልና፣ መንገድ ጠርጎልሃልና፣ ከሽፍታ አድኖሃልና መልካም ልጅ ከሆንህ አመስግን፤ ጣሊያንን እንደ አባት ውደድ። ቃል በቃል አይደለም፤ ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አባቴ የነገረኝን ነው የምጽፈው። ጣቱን እየቆጠረ ለልጄ እንዲህ አለው፦ «ሦስቱን እናቴም ነግራኝ ነበር። አራተኛውን ግን ነግራኝ አታውቅም። መጽሐፉ ሦስቱን ያመጣው አራተኛውን ለማስገባት ነው።»

እኔ ሳህኑን አስቀምጬ ዞር አልሁ።

አንድ ቀን ያን ገጽ ለእናቱ አነበበላት። ማንበብ የማትችለው አያቴ እንጀራ እየጋገረች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ወንድሟ ለጣሊያን አስካሪ ሆኖ ሊቢያ ዘምቶ ሳይመለስ የቀረ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «እሱንስ ማን ያመስግነው?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። መጽሐፉ ውስጥ ፈለገ፤ አላገኘም። ገና ሁለተኛ ክፍል ነበር።

በኋላ ዘመን በተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ያነበብሁት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 የኤርትራ የትምህርት ሹም ለርዕሳነ መምህራን በምሥጢር ያስተላለፈው መመሪያ ነው። የአገሬው ተማሪ አራተኛውን ዓመት ሲጨርስ ጣሊያንኛ በመጠኑ ይናገር፤ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች በልክ ይወቅ፤ የንጽሕና ሰባኪ ይሁን፤ ከታሪክ ግን ጣሊያንን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ብቻ ይወቅ ይላል። «በመጠኑ»፣ «በልክ»፣ «ብቻ»። አንድን ሕፃን እስከዚህ ድረስ እንዲያውቅ ከዚህ ወዲያ እንዳያውቅ ሰፍሮ መስጠት ምን ያህል ሥራ እንደሚፈልግ አስባለሁ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ልጆቹ ሞኞች እንዳልሆኑ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ባያውቅ ኖሮ መጠኑ ለምን ያስጨንቀዋል?

ከመመሪያው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ወሬው አሥመራ በሹክሹክታ ሲደርስ አባቴ አራተኛ ክፍልን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለነጭ ልጆች ብቻ የተለዩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሆኗል፤ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ደግሞ የወታደር ሆስፒታል። አሥመራ ላይ አባቴ «ኳርታ» ጨረሰ። ከዚያ በላይ በር የለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነ። ደብዳቤ ይዞ ለነጮች የተከለለውን ካምፖ ቺንታቶን አቋርጦ ሲሄድ ያላደረሰው ወረቀት በእጁ መታየት ነበረበት። ባዶ እጁን ከሆነ ይመለሳል።

እንግሊዞች በ1941 ሲገቡ 15 ዓመቱ ነበር። ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ከአምስተኛ ክፍል ጀመረ። መምህራን ማሠልጠኛ ገባ። ከበደ ሚካኤልን ያነበበው ያን ጊዜ ነው፤ «ታሪክና ምሳሌ»ን በቃሉ ሊወጣው ምንም አይቀረውም ነበር። ይህን ሲያወራ ድምፁ ያበራል። የራሳችን ንጉሥ፣ የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን ግብረ ገብ ይል ነበር።

ስለ ኤርትራዋ ከተማ ስለ ከረን ያወራው ግን ለእኔ እንጂ ለልጄ አይደለም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ከኤል ሴሪቶ ፕላዛ በባርት ባቡር ተሳፍረን፣ በባሕሩ ሥር አልፈን፣ 16ኛው መንገድ ላይ ወረድን። ሚሲዮን ዶሎሬስ በ1776 ተቋቋመ፤ አሁን የቆመው የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያን በ1791 ያለቀ ነው። ጣራው ውስጡ በአገሬው ሰዎች የቅርጫት ጌጥ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል፤ ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ልጄ መስኮቶቹን እየቆጠረ ማስታወሻ ይጽፋል። ከጎኑ የመቃብር ቦታ አለ። በአጥሩ ውስጥ ስማቸው በድንጋይ የተቀረጸላቸው በአብዛኛው በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። በዚያ ሚሲዮን ተጠምቀው በዚያው የተቀበሩት የአገሬው ሰዎች ከ5 ሺህ በላይ ናቸው። ስማቸውና ቁጥራቸው ያለው መዝገብ ላይ ነው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔ የጸለየ መስሎኝ ነበር። ስንወጣ «መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? እናታቸው ያወጣችላቸው ነው?» አለኝ። ሲጠመቁ የስፔን ስም ይወጣላቸው እንደነበር ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ።

በዚያ ሰሞን ለልጄ ሥራ ብዬ ከበርክሊ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያመላለስሁ ነበር። ከካሁዊላ ሕዝብ የተወለደው ሩፐርት ኮስቶና ባለቤቱ ጃኔት ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የአሜሪካ ኢንዲያን የታሪክ ማኅበርን አቋቋሙ። ከዚያ ከ300 በላይ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሰብስበው አንድ በአንድ መረመሩ፤ በ1970 ያገኙትን አሳተሙ። ስለ አገሬው ሕዝብ ታሪክ ታምኖ ሊሰጥ የሚችል አንድም መጽሐፍ አላገኙም። ለአባቴ ስነግረው ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ «ማን ከፈላቸው?» አለ። እነሱ ራሳቸው በገዛ ፈቃዳቸው እንደሠሩት ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መምህር ነውና የ300 መጽሐፍ እርማት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሌላም ታሪክ አገኘንና ልጄ በጣም ወደደው። ከአልባኒ ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ፍሪሞንት በሚባለው ቦታ፣ በ1797 የተቋቋመው ሚሲዮን ሳን ሆሴ አለ። አባ ናርሲሶ ዱራን የሚባለው መነኩሴ ልጆቹን ሙዚቃ ያስተምር ነበር፤ ዜማው እንዳይምታታባቸው ኖታውን በየቀለሙ ይጽፍላቸዋል። እኔ ይህን ሳነብ የደብተራን ምልክት አሰብሁ። በዚያው ሚሲዮን ፊደል የቆጠረ፣ አለቃ እስከ መሆን የደረሰ ኤስታኒስላኦ የሚባል የዮኩትስ ሰው ነበር። በ1828 ግን ከሚሲዮኑ ወጥቶ አልመለስም አለ፤ ተከታዮች አፍርቶ የተላኩበትን ወታደሮች ተዋጋ። ዛሬ ስታኒስላውስ የሚባለው ወንዝ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። አባቴ «እነ አብርሃ ናቸው በለኛ» አለው ልጄን። ልጄ እነ አብርሃ እነማን እንደሆኑ ጠየቀ፤ ያ ምሽትም በዚያ አለቀ።

ከረን ላይ እመለሳለሁ። ልጄ ከተኛ በኋላ ነው። አባቴ የስኳሩን ግድግዳ ሲያይ ቆየና በዝግታ ማውራት ጀመረ።

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ትግርኛና ዓረብኛ የራሷ ቋንቋዎች ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ገና ሳይፈርስ ሁለቱ ከመማሪያ ክፍል እየወጡ አማርኛ ይገባ ጀመር፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። አባቴ ትግርኛ ስለሚያውቅ፣ አማርኛውም የተመሰከረለት ስለሆነ፣ ወደ ከረን ተላከ። አማርኛና ግብረ ገብ ያስተምራል። እኔ 6 ዓመቴ ነበር፤ ከረንን የማስታውሰው በግመሎቹና በሰኞ ገበያዋ ነው። ደስተኛ ልጅ ነበርሁ። አባቴ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስተምር አላውቅም ነበር፤ ከእሱ በላይ አስተማሪ በዓለም ያለም አይመስለኝም ነበር።

«መጽሐፉን ይዤ ክፍል ስገባ» አለኝ፣ «ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። የጣሊያን መጽሐፍ አይደለማ! የራሴ ነው። ልጆቹ ግን ቢለን ናቸው፤ ትግረ ናቸው፤ ትግርኛም የሚናገሩ አሉ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ አትዋሹ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሡ። ከዚያ አራተኛው መጣ። የንጉሡ ስም ነው የተለወጠው። ሳነበው ድምፄ የዚያች መምህርት ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ግን አነበብሁት። አስደገምኋቸውም።»

አንድ ልጅ ነበር። መድገም አልቻለም። አማርኛ አያውቅማ። ዝም ብሎ ቆመ። አባቴ ዝምታውን እንቢታ መስሎት በማስመሪያ መዳፉን መታው። ልጁ አለቀሰ፤ ስላለቀሰ ደግሞ መታው።

«አራተኛ ክፍል ነበር» አለኝ።

ምን እንደምለው አላወቅሁም። ዘመኑ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ሌሎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ልለው ፈለግሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አልወጣልኝም። ዛሬ ቢሆን ምን እለው ነበር ብዬ ሳስብ አሁንም አላገኘሁትም። የማውቀው ይህን ነው፦ አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያቺ ጆቫኒ ያለችው መምህርትም ክፉ ላትሆን ትችላለች፤ አባ ካራሜላ ይሰጡ ነበር። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ክፉ ሰው ቢያነበው ኖሮ ልጆች ቶሎ ይነቁበት ነበር። የሚዘልቀው ልጆችን የሚወድ ሰው ሲያስተምረው ነው። አባቴ ልጆችን ይወድ ነበር።

የልጄ ሚሲዮን አለቀ። ግድግዳው ነጭ፣ ጣራው ቀይ፣ በግቢው አንድ መነኩሴና አራት በግ። አባቴ ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ሰዎቹስ?» አለ። በጎች እንጂ ሰዎች ትዝ አላሉንም ነበር። ከኮረብታው ሥር፣ ከሴሪቶ ጅረት አጠገብ፣ ጭቃ አምጥተን ሰዎች ሠራን። እዚያ ጅረት ዳር ትልልቅ ቋጥኞች አሉ፤ አገሬዎቹ ኦሎኒዎች ትውልድ ከትውልድ የባሉጥ ፍሬ ሲወቅጡ ድንጋዩ ጎድጉዶ ሙቀጫ ሆኗል። ልጄ ጣቱን እያስገባ የሙቀጫዎቹን ጥልቀት ይለካል፤ አባቴ በድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ጭቃውን ያድበለብላል፤ ያኔ ከልጅነቱ ጋር እንደታረቀ ሰው ነበር። ከ30 በላይ ሰው ሠራ። ቤት ስንመለስ አንዱንም ከግድግዳው ውስጥ አላስቀመጠም። ሁሉንም ከበሩ ውጭ፣ ሰማያዊ ወረቀት ወደ ለጠፍንበት ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ደረደራቸው። ልጄም በእንግሊዝኛ ትንሽ ካርድ ጻፈና አጠገባቸው አቆመ፤ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው ይላል።

የኤግዚቢሽኑ ማታ ወላጆች ተጋበዝን። በክፍሉ ዙሪያ ከስኳርና ከካርቶን የተሠሩ ሚሲዮኖች ተደርድረዋል። የእኛ ልጅ ሥራ ጋ ስንደርስ የጭቃ ሰዎቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ገብተው፣ በመነኩሴው ፊት በረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል። በጥንቃቄ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱም አልተሰበረም። ካርዱ ግን የለም። ያደረገው ሰው እንዳይጠፉ ብሎ ይሆናል። ልጄ አባቴን አየው። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ውጭ ያወጣቸው ጀመር። ሰዎች እያዩት ነው። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ረዳው፤ ሁለቱም ምንም አልተናገሩም፤ እስኪጨርሱም ቦታቸውን አልለቀቁም።

አባቴ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተመለሰ። እኛም ከቪሌጅ ወጣን። እነዚያ ዝቅ ያሉ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየተራ ፈርሰው በቦታቸው አዲስ ሕንጻ ቆመ፤ የልብስ ገመዱ የነበረበትን ቦታ ሄጄ ብፈልግ አላገኘሁትም። በርክሊ ከተማ እኛ ያን ሁሉ ከማየታችን አንድ ዓመት አስቀድማ፣ በ1992፣ የኮሎምበስን ቀን የአገሬው ሕዝቦች ቀን ብላ ለውጣው ነበር። የካሊፎርኒያ የታሪክ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በ2016 ሚሲዮን የመሥራቱ ነገር እንዲቀር መከረ። አንድ አንትሮፖሎጂስት በ1925 ጠፍተዋል ብሎ የጻፈላቸው ኦሎኒዎች በ2024 በምዕራብ በርክሊ ጥንታዊው የዛጎል ጉብታ የነበረበትን መሬት በሴቶች በሚመራ የመሬት ማኅበር በኩል ተረክበዋል። ልጄ ዛሬ የራሱ ልጆች አሉት። አባቴ ይህን ሁሉ ሳያይ ዐረፈ።

አንድ ነገር ግን ደርሶበታል። በ1996 ነው። ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ሕዝቦች በራንዳል ሚሊከን የተጻፈ መጽሐፍ አነበብሁ። ከአልባኒ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ኦክላንድ ይኖሩ የነበሩት ሁቺውኖች ይባላሉ። ብዙዎቹ ከ1794 ወደ 1795 በሚያሻግረው ክረምት ባሕሩን ተሻግረው ሚሲዮን ዶሎሬስ ገቡ፤ በ1795 ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎች ከሚሲዮኑ ሸሹ። አባቴ ሳያነብ፣ በጭቃ፣ ትክክለኛውን አቅጣጫ ነበር የሰጣቸው። በ1797 ከሸሹት መካከል የተመለሱት ለምን እንደሄዱ በአንድ የስፔን የጦር ሹም ፊት ቃላቸውን ሰጡ። ቃሉ ተጽፎ ቀርቷል። ስለ ረኀብ የተናገሩ አሉ፤ ስለ ግርፋት የተናገሩ አሉ። ቲቡርሲዮ ተብሎ የተጠመቀው ሰው ሚስቱና ልጁ ሞተውበት ሲያለቅስ፣ ስላለቀሰ እንደተገረፈ ተናገረ።

እሑድ ለአባቴ ስደውል አነበብሁለት። ይህን ማንበብ ይኖርብኝ እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። በስልኩ ውስጥ ከቤታችን ጓሮ የጎረቤት ዶሮ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ከቆየ በኋላ «እስክርቢቶ አለሽ?» አለኝ።

አለኝ አልሁት።

የከረኑን ልጅ ስም ነገረኝ። መዝገብ ላይ በአማርኛ አሳጥሮ የጻፈውን አይደለም፤ እናቱ በሩ ላይ መጥታ የጠራችውን፣ በቢለን የሚጠራውን፣ ከነአባቱ። አንዱን ፊደል ስቼው ነበር፤ አስደገመኝና አረመኝ። ቲቡርሲዮ ካለበት ገጽ ኅዳግ ላይ ጻፍሁት።

«አሁን አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብሁለት።